በመታሰቢያ ቀናት የአሜሪካን ታሪክ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጁላይ 4 ቀን 2026 የአሜሪካ የነጻነት አዋጅ 250 ዓመት ይሞላዋል። እንዲህ ያለ በዓል በመጣ ቁጥር ስለ አሜሪካ የሚጻፈው ይበዛል፤ በአማርኛም ጭምር። ይሄ ደስ ይላል። ግን በየጊዜው የሚደጋገሙ ስህተቶች አሉ። አብዛኞቹ የሚመጡት ረጅሙን ታሪክ አንድ ቀንና አንድ ሰው ላይ ቸንክረን ስለምናስቀረው ነው። (ዓመቶቹ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«አዋጁ የተፈረመው ጁላይ 4 ነው» ማለት

ኮንግረሱ ከእንግሊዝ ለመገንጠል የወሰነው ጁላይ 2 ቀን 1776 ነው። ጁላይ 4 ጽሑፉ የጸደቀበት ቀን ነው። አብዛኞቹ ተወካዮች የፈረሙት ደግሞ ኦገስት 2 ነው። ከተወካዮቹ አንዱ ጆን አዳምስ ለባለቤታቸው ለአቢጌል በጻፉት ደብዳቤ፣ መጪው ትውልድ የሚያከብረው ጁላይ 2ን ነው ብለው ነበር። የታሪክ ምሁሯ ፖሊን ማየር በ1997 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ከአዋጁ በፊት በየከተማውና በየግዛቱ ብዙ የነጻነት መግለጫዎች መውጣታቸውን አሳይተዋል። ኮንግረሱም የአዋጁን ረቂቅ ያዘጋጁትን የቶማስ ጄፈርሰንን ጽሑፍ ብዙ ቦታ ቆርጦ አርሞታል። «ጄፈርሰን ብቻቸውን ጻፉት» የሚለው እንግዲህ አያስኬድም።

እግረ መንገዴን፦ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱ ተጠንቀቁ። ዛሬ ጁላይ 4 የሚውለው ሰኔ 27 ነው። ያን ዕለት ግን ሰኔ 29 ቀን 1768 ዓ.ም. ነበር። ፈረንጆቹ በ1800 እና በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉ። እኛ ጳጉሜን 6ን አልዘለልንም። የሁለቱ ቀን ልዩነት ከዚያ የመጣ ነው።

«ባርነት ያበቃው በጁንቲንዝ ነው» ማለት

ጁን 19 ቀን 1865 ጀነራል ጎርደን ግሬንጀር ጋልቨስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ በባርነት የተያዙት ሁሉ ነጻ መሆናቸውን አስነገሩ፤ ጁንቲንዝ የሚባለው የዚህ ቀን መታሰቢያ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን ባሪያዎችን ነጻ ያወጡበት አዋጅ ከወጣ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሞላው ነበር። ግን የሊንከን አዋጅ የሚመለከተው በእርስ በርስ ጦርነቱ ያመጹትን አካባቢዎች ብቻ ነው። በደላዌርና በኬንታኪ ባርነት ከጁንቲንዝ በኋላም ሕጋዊ ነበር። በሕግ የቆመው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ዲሴምበር 1865 ሲጸድቅ ነው።

መጽሐፉን ምሁር ስለጻፈው ብቻ ማመን

ይሄኛው ከሁሉም የባሰ ጉዳት ያደረሰ ይመስለኛል። በ1915 «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» የተባለ ፊልም ወጣ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የነበረውን የሪኮንስትራክሽን ዘመን፣ ጥቁሮች ደቡቡን ያመሱበት ጊዜ አድርጎ አቀረበው። ጥቁሮችን በሽብር ያጠቃ የነበረውን የነጮች ቡድን ኩ ክለክስ ክላንን ደግሞ አዳኝ አደረገው። ፊልሙ በየመሃሉ ከታሪክ መጽሐፍ ይጠቅሳል። የመጽሐፉ ደራሲ የታሪክ ምሁርና በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ውድሮው ዊልሰን ናቸው። ፊልሙ ዋይት ሃውስ ውስጥ ሳይቀር ታየ። በዚያው ዓመት ክላን ጆርጂያ ውስጥ፣ ስቶን ማውንቴን ላይ እንደገና ተመሠረተ።

ይህን አመለካከት የሚደግፉት ተራ ሰዎች ብቻ አልነበሩም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ዊልያም ደኒንግና ተማሪዎቻቸው ተመሳሳዩን ነገር በግርጌ ማስታወሻ አጅበው ጽፈዋል። በ1935 ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ «ብላክ ሪኮንስትራክሽን»ን አሳተሙ። ነጻ የወጡት ሰዎች ለነጻነታቸው ራሳቸው እንደታገሉ፣ በደቡብ የሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲስፋፋም ዋና ድርሻ እንደነበራቸው አሳዩ። በመጨረሻው ምዕራፍ የታሪክ ጸሐፊዎቹን እየጠቀሱ ሞገቱ። ሙያው ግን ለረጅም ጊዜ ጆሮ አልሰጣቸውም። የታሪክ ምሁሩ ኤሪክ ፎነር በ1988 ስለዚያው ዘመን ትልቁን ሥራቸውን ሲያወጡ የዱ ቦይስ ሐሳብ መሠረት ሆኖ ነበር።

ስለዚህ ከአንድ የታሪክ መጽሐፍ ከመጥቀሳችሁ በፊት የታተመበትን ዓመት እዩ። ከዚያ በኋላ ማን እንደሞገተው ፈልጉ። በፒዲኤፍ በነጻ የሚገኙት አብዛኞቹ አሮጌዎቹ ናቸውና ጥንቃቄው ያስፈልጋል።

ሮዛ ፓርክስን «ከሥራ ደክሟት ያልተነሳች ልብስ ሰፊ» ማድረግ

ፓርክስ ሞንትጎመሪ፣ አላባማ ውስጥ አውቶቡስ ላይ መቀመጫቸውን ለነጭ አልለቅም ብለው ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ሲታሰሩ የ42 ዓመት ሴት ነበሩ። በሞንትጎመሪ የጥቁሮች መብት ማኅበር ቅርንጫፍ ጸሐፊ ሆነው ለዓመታት ሠርተዋል። በዚያው ክረምት ቴነሲ ሄደው በትግል ስልት ላይ ሥልጠና ወስደዋል። ድካሙ የሰውነት እንዳልነበረም ራሳቸው ተናግረዋል። ከዘጠኝ ወር በፊት ደግሞ የ15 ዓመቷ ክሎዴት ኮልቪን በዚያችው ከተማ አውቶቡስ ውስጥ አልነሳም ብላ ታስራለች። በአውቶቡስ ውስጥ የነበረውን የዘር ልዩነት በፍርድ ቤት ካስቀሩት ከሳሾች አንዷም እሷ ናት። በዲሴምበር 1 መታሰቢያ ስሟ ሲነሳ የምሰማው ግን ከስንት አንዴ ነው።

ሂፕ ሆፕን በአንድ ዲጄ መጀመር

ኦገስት 11 ቀን 1973 ብሮንክስ ውስጥ ዲጄ ኩል ሄርክ ሙዚቃ ያጫወተበት ጭፈራ እንደ ልደት ቀን ይከበራል። መነሻ ቀን መኖሩ ክፋት የለውም። ጭፈራውን ያዘጋጀችው ግን እህቱ ሲንዲ ካምቤል ናት። ለትምህርት ቤት የምትለብሰውን ለመግዛት ገንዘብ ፈልጋ ነበር። ስሟን ጻፉ።

«ይሄ የእነሱ ታሪክ ነው» ብሎ ማለፍ

ዲሲ ወይም ሚኒሶታ ያለ አበሻ እንዲህ ሲል ስሰማ ያሳዝነኛል። የ1924ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ ኮታ ሲመድብ ለኢትዮጵያ የሰጠው በዓመት 100 ሰው ነበር። ያንን ሥርዓት ያፈረሰው ፕሬዚዳንት ጆንሰን ኦክቶበር 3 ቀን 1965 የፈረሙት ሕግ ነው። የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ ከተፈረመ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። ሁለቱንም ያጸደቀው ያው ኮንግረስ ነው። በ1965 ሰልማ፣ አላባማ ውስጥ ለመምረጥ መብት ስለተደረገው ሰልፍ መታሰቢያ ስትጽፉ ኦክቶበር 3ንም ጨምሩበት።