ሎጎው ስልክ ላይ አልከፈት ካላችሁ

ዲዛይነር የላከላችሁ ሎጎ ኤስቪጂ (SVG፣ ምስሉን በመስመርና በቅርጽ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ሆኖ ስልካችሁ ላይ አልከፈት ካለ ስክሪንሾት አታንሱት፤ ጥራቱን ይገድለዋል። ኢንክስኬፕ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጫኑና ፋይሉን ክፈቱበት። ኤክስፖርት የሚለውን ነክታችሁ ፒኤንጂን (PNG፣ ስልክ ላይ የሚከፈት የምስል ፋይል) ምረጡ። ዲፒአዩ (DPI፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉት ነጥቦች ብዛት) መጀመሪያ 96 ነው፤ ለህትመት ከሆነ 300 አድርጉት።

ጄፔግን ለሎጎ በፍጹም አልመክርም፦ ባዶ የነበረው ጀርባ በቀለም ይሞላል፣ የፊደሉ ጠርዝም ይደበዝዛል።

አማርኛ ጽሑፍ ካለበት ደግሞ ተጠንቀቁ። ፎንቱ እናንተ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ፊደሉ በሌላ ፎንት ተተክቶ ይወጣል፤ ዲዛይነሩ ጽሑፉን ወደ ፓዝ (ፎንት ወደማይፈልግ ቅርጽ) ቀይሮ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። በቴሌግራም ስትልኩት በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን፣ አለዚያ ይጨመቃል።