የግቢ ጓደኞችና አንድ የሐዋሳ ሌሊት፦ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

የመጀመሪያውን ልብ አንጠልጣይ ልቦለዴን ረቂቅ ለአንድ ወዳጄ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ደወለ። "ገዳዩን ገጽ 30 ላይ አውቄዋለሁ፤ የቀረውን ያነበብኩት ላንተ ብዬ ነው" አለኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። በኋላ ግን እውነቱን እንደሆነ ገባኝ። ምስጢሩን እኔው ራሴ በደንብ ሳላውቀው ነበር መጻፍ የጀመርኩት። እየጻፍኩ ይገለጥልኛል ብዬ ነበር። አልተገለጠልኝም።

ስለዚህ ከመጨረሻው እንጀምር። ምሳሌዬ የፈጠራ ነው፦ አምስት የግቢ ጓደኞች፣ አንድ ሌሊት፣ ሐዋሳ ሐይቅ። አራቱ ተመለሱ።

1. ሌሊቱን በሰዓት በሰዓቱ ጻፉት

ምዕራፍ አንድን ከመንካታችሁ በፊት ያ ሌሊት የሆነውን በአንድ ገጽ አስፍሩ። ማሳመር አያስፈልግም፤ የፖሊስ መዝገብ ይምሰል። ከምሽቱ 2 ሰዓት እራት በሉ። 4 ሰዓት ጀልባ ተዋሱ። 4:40 አንዱ ስልክ ነካካ። 5 ሰዓት ላይ ጩኸት ተሰማ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት አራቱ ቁጭ ብለው አንድ ዓይነት ቃል ተስማሙ።

ይህን ገጽ አንባቢ አያየውም። እናንተ ግን ልቦለዱን እስክትጨርሱ ከጠረጴዛችሁ ላይ አታንሱት።

2. ቅጽል ስም አውጡላቸው፤ ከዚያ እውነቱን አከፋፍሉ

ግቢ የገባ ሰው ያውቀዋል። ዶርም ውስጥ በመታወቂያ ስሙ የሚጠራ የለም። የእኛዎቹ ቄሱ (ጸሎት የሚያበዛው)፣ ባንኩ (የሚያበድረው)፣ ዳኛው (ጠብ የሚያበርደው)፣ ሚጢጢ (አጭሯ) እና ሬዲዮ (አፉ የማይዘጋው) ናቸው ይባል። የሞተው ሬዲዮ ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ ባንኩ ቢሮው ተቀምጦ ከማያውቀው ቁጥር "ባንኩ፣ እንዴት ነህ?" የሚል መልእክት ቢደርሰው ያስደነግጠዋል። ያንን ስም የሚያውቁት አምስት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል። ብዙ ጀማሪ ጓደኛሞቹ ሁሉ አንድ ምስጢር እንዲያውቁ ያደርጋል። እንዲህ ከሆነ ታሪኩ ይደርቃል። አራቱም የሚያውቁት ቁራጭ ይለያይ። ቄሱ ከዳር ሆኖ ጩኸቱን ሰምቷል፤ "ጉማሬ ነው" ብሎ ራሱን አታሏል። ሐይቁ ውስጥ ጉማሬ ስላለ ውሸቱ ያስኬዳል። ባንኩ ሬዲዮ የተሰረቀ ፈተና ጉዳይ ሊያጋልጥ እንደነበር ያውቃል፤ ለማንም አልተናገረም። ሚጢጢ የሬዲዮን ስልክ ከጀልባው ስር አግኝታ ሐይቁ ውስጥ ወርውራዋለች። ዳኛው ምንም አላየም፤ ግን "ብቻውን ሊዋኝ ሄደ እንበል" ያለው እሱ ነው።

በወረቀት ላይ ሰንጠረዥ ሥሩ። በአንድ በኩል ስማቸው፣ በሌላው "የሚያውቀው"፣ "የሚጠረጥረው"፣ "የዋሸው"። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት መልስ ከያዙ አንዱ ትርፍ ነው። አውጡት። እኔ መጀመሪያ ሰባት ጓደኛሞች ነበሩኝ።

3. ከተማው ራሱ ይሥራላችሁ

ሐዋሳን "ውብ የሐይቅ ዳር ከተማ" ብሎ ማለፍ ብክነት ነው። ሐይቁን እንየው። ከጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከላይ የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። ደግሞም በሞቀ ውኃ ውስጥ የቆየ አስከሬን ሲበሰብስ ጋዝ ስለሚይዝ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ "ሐይቁ ዋጠው፣ ቀረ" የሚል ታሪክ አያስኬድም። አስከሬኑ ይገኛል። የምስጢሩ ጥያቄ "የት ነው?" ሳይሆን "እንዴት ሞተ?" ይሆናል። ይሄኛው ደግሞ ይሻላል።

ዓሣ አጥማጆቹ ማታ መረብ ጥለው ንጋት ላይ ያነሳሉ። ሌሊት ወደ ሐይቅ የወደቀ ጫማ ወይም ስልክ ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር የሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሊደርስ ይችላል። ያንን ስልክ ያነሳው ዓሣ አጥማጅ ለማን ሰጠው? ይኸው አንድ ምዕራፍ።

ዘመኑንም ፈትሹ። ታሪካችሁ በ2009 ከሆነ ሐዋሳ የደቡብ ክልል መቀመጫ ነበረች፤ ሲዳማ ክልል የሆነው በ2012 ነው። የድሮው የፖሊስ ወረቀት የድሮውን ክልል ስም መያዝ አለበት። በዚያው 2009 ግንቦት ማብቂያ ላይ ለብሔራዊ ፈተና ተብሎ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ሌሊቱን እዚያ ሰሞን ላይ ካደረጋችሁት ቴሌግራም የለም። መደወልና አጭር መልእክት ብቻ ቀሩ። ለእኛ ሥራ ደግሞ አጭር መልእክት ወርቅ ነው። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

4. ማንም ሊቀር የማይችልበት ድግስ ፈልጉ

ጓደኛሞቹን ከዓመታት በኋላ አንድ ቤት ማስገባት አለባችሁ። ለሽርሽር ቢጠሩ "ሥራ በዛብኝ" ይላሉ። ለተዝካር ግን ማን ይቀራል? የሬዲዮ እናት የሰባት ዓመቱን ተዝካር፣ ግንቦት 2016 ላይ፣ ሐዋሳ ደግሰው አራቱንም በየስማቸው ጠሩ። የቀረ ሰው "ለምን ቀረ?" ይባላል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰበብ አይሆንም። እትዬ "ልጆቼ" እያሉ ያጎርሷቸዋል። ያንን ጉርሻ የምትውጠው ሚጢጢ ናት። ይህን ትዕይንት አትቸኩሉበት፤ እኔ ብሆን አሥር ገጽ እሰጠዋለሁ።

እዚህ ላይ ሕጉንም እዩት። በወንጀል ሕጋችን ክስ በይርጋ፣ ማለትም የተወሰነ ጊዜ ሲያልፍበት፣ ይቀራል። ሞት ወይም ዕድሜ ልክ ለሚያስቀጣ ወንጀል ይርጋው 25 ዓመት ነው፤ ለቀላሎቹ በጣም ያጥራል። በሞት አፋፍ ላይ ያለን ሰው አለመርዳትም ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ ግን ቀላል ነው። ስለዚህ ሌሊቱ "አደጋ" ከነበረ ሰባት ዓመት ሲሞላ አራቱ ፖሊስን ብዙም አይፈሩም። የሚፈሩት እትዬን ነው። ታስቦበት የተደረገ ከሆነ ግን ነገሩ ገና ትኩስ ነው። መሐል ላይ ታሪካችሁን የሚገለብጠው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቅጽበት ነው።

5. ግሱ እንዳያጋልጣችሁ

ይሄ የአማርኛ ጸሐፊ ፈተና ነው። "ገፋው" ካላችሁ ወንድ ነው። "ገፋችው" ካላችሁ ሚጢጢ ተያዘች። አንድ ፊደል ሙሉ ልቦለድ ያበላሻል።

መውጫ መንገዶች አሉ። "ሬዲዮ ተገፋ" ማለት ይቻላል፤ ደጋግማችሁ ከተጠቀማችሁበት ግን አንባቢ "ለምን ይደብቁኛል?" ይላል። "ከጀርባው እጅ መጣ" ይሻላል፤ እጁ ራሱ ባለቤት ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንደኛ መደብ ነው። "ገፋሁት" ጾታ የለውም። በየአምስት ምዕራፉ ስሙ የማይታወቅ "እኔ" የሚናገርበት አጭር ገጽ ብታስገቡ አንባቢ ወንድም ሴትም መጠርጠር ይችላል። "አንድ ሰው ገፋው" ብሎ መጨረሻ ላይ ሴት ማውጣት ግን ለእኔ ማጭበርበር ነው። ሌላው ሊከራከረኝ ይችላል።

ዛቻ የሚልከው ሰውም ይጠንቀቅ። "አንተ" ወይም "አንቺ" ካለ ለማን እንደጻፈ ያስታውቃል። "እናንተ" ይበል። የመጠሪያ ለውጥንም ተጠቀሙበት። ድሮ "አንተ" ሲለው የነበረ ሰው ተዝካሩ ላይ ባንኩን "እርስዎ" ካለው አንባቢው ቀና ይላል።

6. ፍንጩን ከዓይን ፊት ደብቁት

ወደ መልእክቱ እንመለስ። ያን ሌሊት ከሬዲዮ ስልክ ለእናቱ እንዲህ ተላከ፦ "እማ ሰላም ነኝ። አትጠብቂኝ፣ ተኚ።" እትዬ ቃሉንም ሰዓቱንም ደብተራቸው ላይ ገልብጠው አስቀመጡ። 10:40።

አንባቢም፣ ከላኪው በቀር ጓደኛሞቹም ሬዲዮ ከሞተ በኋላ፣ ከሌሊቱ 10:40፣ ከመካከላቸው አንዱ ደንግጦ የላከው ነው ብለው ያምናሉ። ነገር ግን የእትዬ ስልክ የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነበር። እሳቸው ያዩትን ቁጥር ብቻ ገለበጡ። 10:40 በእኛ ከምሽቱ 4:40 ነው። በዚያ ሰዓት ሬዲዮ በሕይወት ነበር፤ ስልኩ ግን ሌላ ሰው እጅ ነበር። መልእክቱ የተላከው ከሞቱ በፊት ነው። አደጋው አደጋ አልነበረም።

ይህ ፍንጭ የሚሠራው አንባቢው ሁሉንም ነገር ገና ከመጀመሪያው ስላየ ነው። "ተኚ" የሚለው ቃል ራሱ ይናገራል፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እናቱን ተኚ የሚል ማነው? ሬዲዮ "እማዬ" እንጂ "እማ" ብሎ ጠርቷቸው እንደማያውቅም ቀደም ብላችሁ በአንድ ተራ ወሬ መሐል ጣሉት። ቁጥሩን ደግሞ ሰው በማይጠረጥርበት ቦታ አስገቡት። እትዬ ደብተሩን ሲያገላብጡ የዕድር መዋጮ፣ የጤፍ ዋጋ፣ 10:40፣ የልብስ ሰፊው ስልክ። አንባቢ ያልፈዋል። በኋላ ተመልሶ ገጹን ሲፈልግ ያገኘዋል።

7. አስነብቡት

ለሁለት ሰው ስጡ። ለአንደኛው እርሳስ ስጡትና ጥርጣሬው የተቀየረበትን ገጽ ሁሉ እንዲያሰምር ንገሩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ብቻ ከጠረጠረ ወደ ሰንጠረዡ ተመለሱ።

ሁለተኛው ሐዋሳ ያደገ ሰው ይሁን። የእኔው አንባቢ ብዙ አላወራም። አሞራ ገደልን በምሽት የገለጽኩበትን ገጽ አውጥቶ "እዚህ ግርግሩ ያለው ጠዋት ነው፣ ዓሣው ሲገባ" አለኝ። ትዕይንቱን ወደ ንጋት አዞርኩት። እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎችም፣ ገቡበት፤ ሚጢጢ ስልኩን ከዓሣ አጥማጁ ለመግዛት ስትከራከር ዙሪያዋን ከብበው ቆመዋል።