ውሃ እየጠጣ የሚደርቅ ሜዳ፦ የቆላ ስታዲየም ሳር ችግርና መፍትሄ

ፓምፑ መሥራቱን፣ ቫልቩ መከፈቱን፣ የስፕሪንክለሩ አፍ አለመደፈኑን አይታችሁ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። የማወራው እንደ ድሬዳዋና አዋሽ ሸለቆ ባለ ሙቀት፣ በጉድጓድ ውሃ ስለሚጠጣ የሰርዶ ሜዳ ነው።

ከታጨደ በኋላ ጫፉ ነጥቶ ከተቦጫጨቀ የማጨጃው ቢላ ደንዟል። አስሉት።

በአንድ ሌሊት የተላጨ ከመሰለ ተምች ገብቷል። ሲመሽ ሳሩን ገልጣችሁ ትሉን ፈልጉ፤ ትል ሳታዩ መድኃኒት አትርጩ።

ዩሪያ በተበተነ ሰሞን መስመር መስመር ከተቃጠለ በዝቷል። በካሬ ሜትር 10 ግራም ይበቃል፤ 105 በ68 ለሆነ ሜዳ 70 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ጆንያው ተከፍቷልና ይለቅ አይባልም! እንደበተናችሁ ውሃ አጠጡ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ሁልጊዜ ወደሚያስጠራኝ።

ምልክቱ፦ ሜዳው በየቀኑ ይጠጣል፣ ሳሩ ግን ጫፉ እየተቃጠለ ይመነምናል። መጀመሪያ የሚጎዳው ጉብ ያለው ቦታና ስፕሪንክለሩ በደንብ የማይደርስበት ጥግ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ነጭ ብናኝ ያወጣል። ጠባቂው «ጠምቶት ነው» ይልና ማታም ይደግመዋል። ይብሳል።

ምክንያቱ፦ ጨው። ኢሲው (ጨዋማነትን የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ልኬት፣ መለኪያው ዴሲሲመንስ በሜትር ነው) 2 የሆነ ውሃ በሊትር 1.3 ግራም ገደማ ጨው ይዟል። ሜዳው በቀን 5 ሚሊሜትር ቢጠጣ 35 ሺህ ሊትር አለፈ፤ ወደ 45 ኪሎ ጨው በተናችሁበት ማለት ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚጠጣ ውሃ ወደ ታች አይዘልቅም፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨውን ትታው ትሄዳለች።

አንድ ከተማ ውስጥ ተቋራጩ «ሳሩ አልለመደም» ብሎ ነቅሎ ሌላ ተከለ። ያም እዚያው ደረቀ። ከዚያ ደግሞ ሻጭ መጥቶ «የሳር ቫይታሚን» የሚባል ጠርሙስ አሸከማቸው። በቢላ ጡብ የሚያህል አፈር ቆርጬ ባወጣ ላይኛው ሦስት ጣት ርጥብ ነው፣ ሥሩ ሁሉ እዚያው ተጨናንቋል፤ ከዚያ በታች ያለው አፈር ደረቅና ካቻቪቴ የማያስገባ ነበር። ቫይታሚን ምን ያደርጋል?

መፍትሄው፦ የውሃውንም የአፈሩንም ኢሲ አስለኩ። ሰርዶ መጎዳት የሚጀምረው የአፈሩ ኢሲ 7 አካባቢ ሲደርስ ነው። ከዚያ መሬቱን በፎርካ ጥልቅ አድርጋችሁ ብሱና ጨውን አጥባችሁ ወደ ታች አውርዱት። 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ካለው አፈር ግማሹን ጨው ለማውረድ 15 ሳንቲሜትር ውሃ ይፈልጋል። ለሙሉ ሜዳ ባለ 10 ሺህ ሊትር ቦቴ ከ100 ጊዜ በላይ መመላለስ አለበት፤ የመጠጥ ውሃ በወረፋ በሚቀዳበት ከተማ ይሄ ነውር ነው። ስለዚህ የታመመውን ቦታ ብቻ እጠቡ፣ ሌላውን ለዝናብ ተዉት። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሜዳውን ብሱት፤ የዝናብ ውሃ ጨው የለውም፣ በነጻም ያጥባል። ይህን ጊዜ ሳይበሱ የሚያሳልፉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ውሃው በአንድ ጊዜ አይለቀቅ፤ እያሳረፋችሁ በተለያዩ ሌሊቶች ስጡት። ከሥር ማፋሰሻ ከሌለው ግን ማጠቡን አትጀምሩ፤ የወረደው ጨው ተመልሶ ይወጣል። አጥባችሁ ሳትጨርሱም ዩሪያ የሚባል አይነካ።

ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ አልሰርግ ካለ ሶዲየም በዝቶ ይሆናል፤ ከሆነ ከማጠባችሁ በፊት ጂፕሰም (ሶዲየሙን ከአፈሩ የሚያስለቅቅ የድንጋይ ዱቄት) ያስፈልጋል። አደራ፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛውን ጄሶ እንዳታመጡ! እሱ የተቃጠለ ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ይጠነክራል። ተፈጭቶ ያልተቃጠለውን ጠይቁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ማጠጣት ይቅር። ማፋሰሻው ደህና ከሆነ በሁለት ሦስት ቀን አንዴ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በጥልቀት አጠጡ፤ ሳሩ ከሚፈልገው ላይ እስከ 10 በመቶ ጨምሩ፣ ትርፉ ጨውን ይዞ ይወርዳል። በየቦታው ባዶ ጣሳ አስቀምጡና ውሃው እኩል መድረሱን ለኩ።

የጉድጓዱ ውሃ ራሱ ለሰርዶ የማይሆን ጨዋማ ከሆነ ያለው አማራጭ ፓስፓለም የሚባለው ጨው የሚችል ሳር ነው፤ በኳታር የ2022 ዓለም ዋንጫ ሜዳዎች የለበሱት እሱን ነበር። እሱም ቢሆን መታጠቡ አይቀርለትም።