የፍየሏ ወተት ቀነሰ? ከመርፌው በፊት ባልዲውን እዩ

ግቱን አጥባችሁ፣ በሰዓቱ አልባችሁ፣ መኖም አቅርባችሁ ወተቱ ለሚቀንስባችሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ግቱ ለስላሳ ነው፣ አያተኩስም፣ ወተቱም ንጹህ ነው፤ መጠኑ ግን ከ2 ሊትር ወደ 1 ወርዷል

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ግቱ ውስጥ አይደለም። ወይ ውሃ ነው፣ ወይ ጉልበት ሰጪ መኖ።

ግት ወተት የሚሠራው ከደም ነው። ለ1 ሊትር ወተት ወደ 500 ሊትር ደም በግቷ ያልፋል። ግቱ ከዚያ ደም ግሉኮስ ይወስድና ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር ይሠራል። ላክቶስ ደግሞ ውሃ ይስባል። ስኳሩ ሲያንስ የሚሳበው ውሃም ያንሳል። ለዚህ ነው ወተቱ ሳይቀጥን መጠኑ የሚወርደው። ፍየል ግሉኮሱን በቀጥታ ከመኖው አታገኝም ማለት ይቻላል። ጨጓራዋ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ተሕዋስያን እህሉን አብላልተው ፕሮፒዮኔት የሚባል አሲድ ያወጣሉ፤ ጉበቷ እሱን ወደ ግሉኮስ ይቀይራል። ገለባ ብቻ ከምትበላ ፍየል ብዙ አትጠብቁ።

ደብረ ብርሃን አካባቢ አንዲት እናት የሳነን (የወተት ፍየል ዝርያ) ድቅል ፍየላቸው «ነጠፈችብኝ» ብለው ጠሩኝ። መርፌ ደጋግመው አስወግተዋታል። ባልዲው መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ውስጡ በጠጥ አለ። ፍየሏ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችና ዞረች። ፍየል የቆሸሸ ውሃ አትወድም። ባልዲውን ፈግፍገን፣ ለብ ያለ ንጹህ ውሃ ሞልተን ከፍ አድርገን ሰቀልነው። ጠጣች፣ ቀና ብላ ተነፈሰች፣ እንደገና ጠጣች። ብዙም ሳይቆይ ወተቱ ተመለሰ። ወተት እኮ 87 በመቶው ውሃ ነው!

«የወተት መርፌ» እያሉ ኦክሲቶሲን የሚባለውን ሆርሞን የሚወጉ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። ኦክሲቶሲን ግቱ ውስጥ ያለውን ወተት ያወርዳል እንጂ አዲስ ወተት አይሠራም።

መፍትሄው፦ ንጹህ ውሃ ቀኑን ሙሉ አይለያት። መጀመሪያ ድርቆሽ ስጧት፤ አልፋልፋ ወይም ሳስፓኒያ የሚባሉት የመኖ ተክሎች ካሉ በጣም ጥሩ። ከዚያ ፉርሽካ፣ የተፈጨ በቆሎና የኑግ ፋጉሎ። የሻገተ ፋጉሎ በፍጹም አትስጡ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ወደ ወተቱ ያልፋል፣ ልጆቻችሁም ይጠጡታል።

እህል ስትጨምሩ ቀስ በቀስ፣ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሁን። አንድ ወጣት ወተት ይጨምርልኛል ብሎ እህሏን በአንድ ቀን እጥፍ አደረገው። ጨጓራዋ አሲድ በዛበት፣ ማመንዠክ አቆመች፣ አስቀመጣት፣ ወተቱም ጭራሽ ጠፋ። ለቀናት ድርቆሽ ብቻ እየበላች ነው ያገገመችው።

ከወለደች ከ4 እስከ 8 ሳምንት ድረስ ወተቱ ይጨምራል። ከዚያ ቀስ እያለ ቢቀንስ ተፈጥሮ ነው፤ አትደንግጡ።

ግቷ ሞልቶ ሳለ ወተቱ ጀምሮ ይቆማል

ፈርታለች። ውሻ፣ ጩኸት፣ አዲስ አላቢ ወይም ዱላ ይሆናል። ስትደነግጥ የሚወጣው አድሬናሊን ወተቱ እንዳይወርድ ያግዳል። ግቱን በእጅ አሻሹ፣ ጠብቁ፣ እንደገና እለቡ። ወተት ግት ውስጥ ከከረመ አዲስ ወተት መሥራቱ ራሱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አለባ አትዝለሉ።

ወተቱ አለ፣ ቅቤው ግን የለም

ፉርሽካና እህል በዝቶ ድርቆሽ አንሷል። የወተት ስብ በብዛት የሚሠራው ከአሴቴት ነው፣ አሴቴት ደግሞ ጨጓራዋ ውስጥ ድርቆሽና ቅጠል ሲብላላ የሚወጣ አሲድ ነው።

ከወለደች ጀምሮ ግቷ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ወተት የለም

ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ መድኃኒት የሌለው የፍየል ቫይረስ ሊሆን ይችላል። በእንገርም ይተላለፋልና ግልገሎቹን ለይታችሁ አስመርምሩ።

አንዱ ጎን ያተኩሳል፣ ወተቱ ይረጋል ወይም ደም አለበት

የግት በሽታ ነው። እሷን መጨረሻ ላይ እለቡ፣ እጃችሁን ታጠቡ። በግምት አንቲባዮቲክ አትውጉ። ሐኪም ካዘዘም የተባለው ቀን እስኪያልፍ ወተቱ አይጠጣም፣ አይሸጥም። ግቱ ቀዝቅዞ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ጥቁር ከተለወጠ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጥሩ።