በጾም ምግብ ውስጥ ያለው አይረን ወደ ደም እንዲገባ

አንዲት ከ19 እስከ 50 ዓመት ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊግራም አይረን (ለደም የሚያስፈልግ የብረት ማዕድን) ያስፈልጋታል፤ ነፍሰ ጡር ስትሆን 27፤ ለወንድ 8 ይበቃዋል። ሽሮም ምስርም እንጀራም አይረን አላቸው። ችግሩ የበላነው ሁሉ ደም ውስጥ አለመግባቱ ነው። የእህልና የጥራጥሬ አይረን መጀመሪያ በጨጓራ አሲድ ይሟሟል፣ ከዚያ በትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ይመጠጣል። እዚያ ሲደርስ ከሌላ ነገር ጋር ተጣብቆ ከቆየ በሰገራ ይወጣል።

ጤፍ ብዙ አይረን አለው ቢባልም በእሱ ብቻ አይዘናጉ። ጤፍ ላይ ከሚለካው አይረን ከፊሉ አውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ እሱ ደግሞ እምብዛም አይመጠጥም።

አይረኑን አጥብቆ የሚይዘው በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሊጥ በእርሾ ተቦክቶ 2 ወይም 3 ቀን ሲቆይና ሲኮመጥጥ ፋይቴቱ ይሰባበራል። በቤኪንግ ፓውደር ወዲያው የሚጋገር እንጀራ (ውጭ አገር የተለመደ ነው) ይህን ጥቅም አያገኝም። ሽምብራና ባቄላ ማታ ተነክረው ውሃው ቢደፋ፣ ይልቁንም በቆልት ቢሆኑ ይሻላል።

ሌላው በጣም የሚጎዳው ምሳ እንዳለቀ የሚቀርበው ቡና ነው። በአንድ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የሚመጠጠውን አይረን በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሷል። ከምግቡ 1 ሰዓት በኋላ የተጠጣው ቡናም እኩል ጎድቷል፤ 1 ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም። ስለዚህ አቦሉ ከምሳ በፊት ይቅረብ። ካልሆነ ከምሳ በኋላ ቢያንስ 2 ሰዓት ይቆይ።

ቫይታሚን ሲ በተቃራኒው አይረኑን ያስመጥጣል፤ ግን በዚያው ገበታ ላይ መኖር አለበት። ጠዋት የተበላ ብርቱካን ለማታው ምስር አይደርስለትም። ጥሬ ቃሪያ፣ ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ወይም አንድ ብርቱካን (70 ሚሊግራም ገደማ) ይበቃል። ወጥ ውስጥ ሲንተከተክ የቆየ ቲማቲም ግን ቫይታሚኑን በብዛት ያጣል።

የአይረን ኪኒን የታዘዘለት ሰው ከቡና፣ ከወተትና ከጨጓራ አሲድ ማብረጃ ጋር አይውሰደው። ሰገራ መጥቆሩ የተለመደ ነው። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና በጣም የሚሸት ከሆነ ግን የውስጥ መድማት ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ደም ማነስ የተገኘበት ሰው ወንድ ወይም በዕድሜ ምክንያት የወር አበባዋ የቆመ ሴት ከሆነም፣ ደሙ የት እንደሚፈስ ሳይመረመር ምግብ በማስተካከል ብቻ መቅረት የለበትም።