መጀመሪያ ዝም በሉ፣ ከዚያ ወረቀት ቁረጡ

የሐሳብ ማፍለቂያ ስብሰባ በወሬ አይጀመርም። ለሁሉም ወረቀትና እስክሪብቶ አድሉ። ለ10 ደቂቃ ማንም አያውራ፤ ሁሉም ለየብቻው ይጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1958 በዬል ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ለየብቻ የሠሩ ሰዎች ሐሳብ ሲደመር በቡድን ከተወያዩት ይበልጣል። አለቃ ካለ መጨረሻ ይናገር። ቀድሞ ከተናገረማ አለቀ፣ ሌላው ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው።

ጥያቄው ጠባብ ይሁን። «መተግበሪያውን እናሻሽል» ምንም አይወልድም። «የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ምን ያድርግ?» ግን ያሠራል።

ሁለት ሐሳብ ምረጡና ወደ ፕሮቶታይፕ፣ ማለትም ወደ መሞከሪያ ናሙና። እዚህ ላይ እኔ ኮምፒውተር አላስነካም። በስልክ መጠን በተቆረጠ ወረቀት ላይ እያንዳንዱን ገጽ በእጅ እንስላለን። ሞካሪው «ቀጥል» የሚለውን በጣቱ ሲነካ፣ አንዱ ባልደረባ ወረቀቱን ይቀይርለታል። ይሄ ጨዋታ ከመሰላችሁ፣ ፓልም ፓይለት የተባለውን የኪስ ኮምፒውተር የፈጠረው ጄፍ ሃውኪንስ፣ መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት በልኩ የተቆረጠ እንጨት በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲይዝ እያወጣ የሚጽፍበት ያስመስላል።

ሰው ሲሞክር አታስረዱት። ጣቱ አየር ላይ ከቆመ፣ ያመነታበትን ቦታ በቀይ አክብቡ። «ወደዱት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይሉኝታ አለ። ቀይ የበዛበትን ገጽ ጣሉና እንደገና ሳሉት።