ኢንሹራንሱ ሊብሬዎን ሲያጠፋው፦ ካሳዎን የሚያስቀሩ ስህተቶች

መኪናው ተሰርቋል፤ ወይም ተገልብጦ ከጥቅም ውጪ ሆኗል። ኢንሹራንሱ ክሌሙን (የካሳ ጥያቄውን) ለመጨረስ ሊብሬውን፣ ቁልፎቹን፣ አንዳንዴም የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ይረከባል። ከሳምንታት በኋላ ሲጠይቁ "ዋናው መሥሪያ ቤት ተልኳል" ይባላሉ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሲሄዱ ደግሞ "ከቅርንጫፍ አልመጣልንም"። ቀስ እያለ ነገሩ ይገለጣል፤ ሊብሬው የለም።

መጀመሪያ ይረጋጉ። ሊብሬ ሲጠፋ ባለቤትነት አብሮ አይጠፋም። የመኪናው ማህደር ትራንስፖርት ቢሮ አለ። የሻንሲ ቁጥሩ፣ የሞተር ቁጥሩ፣ የባለቤቱ ስም እዚያ ተመዝግቧል። የሽያጭ ውሉም ውልና ማስረጃ ከተፈረመ ቅጂው እዚያው ይገኛል። ምትክ ይወጣል። ጥያቄው ወጪውንና የባከነውን ጊዜ ማን ይሸከም የሚለው ነው። መሸከም ያለበት ያጠፋው ነው። ብዙ ሰው ግን መብቱን በገዛ እጁ ይጥለዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ገና ካሳ ለመጠየቅ ሳያስብ።

ዋናውን ሊብሬ ያለ ፊርማ ማስረከብ

የክሌም ሠራተኛው "ኦርጅናሉን ያምጡ" ይላል። ያመጣሉ። ፋይል ውስጥ ይከታል። "እንደውልልዎታለን" ይባላሉ፤ አመስግነው ይወጣሉ። በእጅዎ ምን አለ? ምንም። ነገ "እኛ የተረከብነው ኮፒ ነው" ቢሉ መልስ የለዎትም።

የርክክብ ወረቀት ለመጻፍ ጠበቃ አያስፈልግም። ይህን ያህል ይበቃል፦ "የሰሌዳ ቁጥሩ ይህ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ይህ የሆነውን ተሽከርካሪ ዋና (ኦርጅናል) ሊብሬ ከነሙሉ ገጾቹ፣ እንዲሁም 2 ቁልፍ፣ ለክሌም ጉዳይ ዛሬ ተረክቤያለሁ።" ከሥሩ ቀን፣ የተረካቢው ሙሉ ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ ፊርማ፣ የቅርንጫፉ ማህተም። "ዋና" የምትለዋን ቃል አይርሷት። ጠቡ ሁሉ የሚነሳው እሷ ላይ ነው። ሊብሬውንም ከማስረከብዎ በፊት ገጽ በገጽ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ሠራተኛው "እንዲህ ዓይነት አሠራር የለንም" ካለ አይጨቃጨቁ። ሰነዶቹን የሚዘረዝር ሸኚ ደብዳቤ ይጻፉና በመዝገብ ቤት በኩል ያስገቡ። በእርስዎ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ያስመቱበት። ለርክክብ ፊርማ ያህል ይጠቅማል።

ያለ ፊርማ ሰጥተው ከሆነስ? ያሉትን ምልክቶች ይሰብስቡ። "ሊብሬውን ይዘው ይምጡ" የሚል የቴሌግራም ወይም የኤስኤምኤስ መልእክት፣ አብሮዎት የነበረ ሰው፣ ሰነድ መሟላቱን የሚገልጽ ማንኛውም ደብዳቤ ይረዳል። ከዚያ "በዚህ ቀን ለእገሌ ያስረከብኩት ዋና ሊብሬ እንዲመለስልኝ" ብለው ይጻፉ። "እየፈለግን ነው" የሚል የጽሑፍ መልስ ከመጣ፣ መረከባቸውን ራሳቸው እየመሰከሩ ነው።

ፖሊስ ጋ ሄዶ "ጠፋብኝ" ማለት

ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። ምክንያቱም ምክሩ የሚመጣው በትህትና ነው። "ጋሼ፣ ለምን ይጉላላሉ? ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ሊብሬ ጠፍቶብኛል ብለው ማስረጃ ያውጡ። በቀላሉ ምትክ ይሰጥዎታል።" ሰውየው ክፋት ላይኖረው ይችላል። ጉዳዩን መዝጋት ነው የፈለገው። እርስዎ ግን ጣቢያ ገብተው "እኔ ጣልኩት" ብለው ሲፈርሙ፣ ኢንሹራንሱን ነፃ የሚያወጣ ማስረጃ በእጅዎ ጻፉ ማለት ነው። በኋላ ካሳ ሲጠይቁ መጀመሪያ የሚቀርብብዎት ያ ወረቀት ነው። ከዚህም በላይ ለፖሊስ የተነገረው እውነት አይደለም፤ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው።

ጠፋ የሚለውን መጻፍ ያለበት ያጠፋው ነው። ከኢንሹራንሱ ማህተም ያለው አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጠይቁ። ሦስት ነገር ይኑረው፦ ዋናውን ሊብሬ መቼ ከእርስዎ እንደተረከቡ፣ በእነሱ እጅ እያለ እንደጠፋ፣ ምትክ እንዲሰጥዎ ትብብር እንደሚጠይቁ። ደብዳቤው ለፖሊስም፣ ለትራንስፖርት ቢሮም፣ ብድር ካለብዎት ለባንኩም ይሆናል። ፍርድ ቤት ቢደርሱ ደግሞ ግማሹን ክርክር ይጨርስልዎታል። እሱን ሳይዙ ወደየትም አይሂዱ። ፖሊስ ጋ ሲደርሱም ቃልዎ "ለኢንሹራንስ አስረክቤው እነሱ ጋ ጠፋ" የሚል ይሁን። ከመፈረምዎ በፊት የተጻፈውን ያንብቡት።

ደብዳቤውን እንቢ ካሉስ? ብዙ ጊዜ እንቢ አይሉም፤ ያጓትቱታል። ያኔ ነው ቀጣዩ ስህተት የሚሠራው።

በስልክና በምልልስ ጊዜ መፍጀት

"ሰኞ ይደውሉ።" "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው።" "ከበዓል በኋላ።" ይህ ሁሉ የተደወለ ስልክ በሕግ ፊት እንዳልተደወለ ሊቆጠር ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 የውል ግዴታ አልተፈጸመልኝም የሚል ሰው አስቀድሞ ለተዋዋዩ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ስለዚህ በጽሑፍ ያስጠንቅቁ፤ ቁርጥ ያለ ቀንም ያስቀምጡ። "በ15 ቀን ውስጥ ዋናውን ሊብሬ እንድትመልሱ፣ ካልሆነም መጥፋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ እንድትሰጡኝና የምትኩን ወጪ እንድትሸፍኑ" ይበቃል። በመዝገብ ቤት ያስገቡ፤ ኮፒዎን ማህተም ያስደርጉበት።

ማስጠንቀቂያው ገንዘብም ነው። የሊብሬው መጥፋት የካሳ ክፍያዎን ካዘገየው፣ ለዘገየው ገንዘብ ሕጋዊ ወለድ መጠየቅ ይችላሉ። በቁጥር 1751 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ነው። ሊከፈልዎት የሚገባው 900,000 ብር ሆኖ 4 ወር ቢዘገይ ወለዱ 27,000 ብር ይሆናል። ይህ ወለድ የሚታሰበው ግን ባለዕዳው ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው ቀን ጀምሮ ነው። ሳይጽፉ ያሳለፉት ወር ሁሉ ከኪስዎ የወጣ ነው።

ሌላም ሰዓት እየቆጠረ ነው። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የመድን ውል አሁንም የሚገዛው በ1952ቱ የንግድ ሕግ ነው። በቁጥር 674 ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በ2 ዓመት ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። የሰነድ መጥፋት ክርክር ከመድን ውሉ ይመነጫል ወይስ እንደ አደራ ይታያል የሚለው ለጠበቆች ጥሩ መከራከሪያ ነው፤ ስለ አደራ ፍትሐ ብሔሩ ከቁጥር 2779 ጀምሮ ደንግጓል። እርስዎ ግን አጭሩን ጊዜ ይዘው ይንቀሳቀሱ።

"ምትክ ካላመጡ አይከፈልዎትም" ሲባሉ ዝም ማለት

ራሳቸው ያጠፉትን ሰነድ ለክፍያ ቅድመ ሁኔታ ሲያደርጉት ያናድዳል። ቢሆንም ምትኩን የሚሰጠው ቢሮ የሚያነጋግረው ባለቤቱን ወይም ወኪሉን ስለሆነ የእርስዎ ትብብር የግድ ነው። ይተባበሩ፤ ግን በጽሑፍ። "ምትኩን ለማውጣት ፈቃደኛ ነኝ። ወጪውን ድርጅቱ ይሸፍናል፤ የዘገየበትን ኃላፊነትም ይወስዳል።" ጊዜ ከሌለዎት ለእነሱ ጉዳይ አስፈጻሚ ምትክ ከማውጣት የማያልፍ ውክልና መስጠት ይችላሉ። መሸጥና መለወጥ የሚል ቃል እንዳይገባበት ይጠንቀቁ።

ጉዳቱን በግምት መጥራት

"በጣም ተጎድቻለሁ፣ 500,000 ብር ይከፈለኝ" የሚል ማመልከቻ የትም አይደርስም። ጉዳቱ ይዘርዘር፤ እያንዳንዱ መስመር ማስረጃ ይኑረው። የምትክ ክፍያ ደረሰኝ። የጋዜጣ ማስታወቂያ ተጠይቀው ከሆነ የሱ ደረሰኝ። የውክልናና የኮፒ ወጪ። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው።

ከባዱ የተቋረጠ ገቢ ነው። መኪናው ተጠግኖ ወጥቶ ሊብሬ ስለሌለው ምርመራ አላልፍ፣ ቦሎም አላገኝ ብሎ ከቆመ፣ ጉዳቱ እውነተኛ ነው። ሆኖም በደብተር ላይ የተጻፈ የቀን ሒሳብ ብቻውን ደካማ ነው። ለግብር ያሳወቁት ገቢ፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ ከድርጅት ጋር ያለዎት የኪራይ ውል ይበልጥ ይታመናሉ። ለገቢዎች ትንሽ፣ ለፍርድ ቤት ብዙ የነገረ ሰው ይቸገራል።

የቀረ ሽያጭም እንዲሁ ነው። ገዢ ቀብድ ከፍሎ ሊብሬው በመጥፋቱ ቢመለስ የቀብዱን ውል ያቅርቡ። እዚህ ላይ የፍትሐ ብሔሩን ቁጥር 1801 ይወቁት። ከተለመደው በላይ የሆነ ጉዳት ለማስከፈል ባለዕዳው ልዩ ሁኔታውን ከመነሻው ማወቅ አለበት። ስለዚህ ሊብሬውን ሲያስረክቡ በሸኚው ደብዳቤ ላይ "መኪናውን ለመሸጥ ውል ስላለብኝ ሊብሬው በፍጥነት እንዲመለስልኝ" ብለው ይጻፉ። አንድ መስመር ናት፤ ያለ እሷ ግን "አናውቅም ነበር" ይባላሉ።

እጅ አጣጥፎ መቀመጥም ዋጋ ያስከፍላል። ሕጉ ተጎጂው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን እንዲያደርግ ይጠብቃል። ምትክ ማውጣት እየቻሉ አንድ ዓመት ካቆሙት የዓመቱን ገቢ አያገኙም። ለደረሰብዎት ንዴትና እንግልትም ብዙ አይጠብቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሕሊና ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ግን በደልን አይክስም፤ ቢሻሻል ደስ ይለኛል። ጉልበትዎን በደረሰኝ በሚረጋገጠው ላይ ያውሉት።

የክፍያ ቼኩን ሲያዩ ሳያነቡ መፈረም

ክሌሙ በመጨረሻ ሲከፈል መልቀቂያ ቅጽ ይቀርብልዎታል። "ከዚህ በኋላ ከዚህ ጉዳይ ጋር በተያያዘ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም" የሚል ዓረፍተ ነገር አይጠፋበትም። ከፈረሙት የሊብሬው ካሳም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከፊርማዎ በላይ በእጅዎ ይጻፉ፦ "ይህ ፊርማ የተሽከርካሪውን ጉዳት ክፍያ ብቻ ይመለከታል። በሊብሬው መጥፋት የደረሰብኝን ጉዳት የመጠየቅ መብቴ የተጠበቀ ነው።" ቅጹ ላይ መጻፍ ከከለከሉ በዚያኑ ቀን ይህንኑ በደብዳቤ ያስገቡ።

የጠፋው ሰነድ የት እንደገባ አለማሰብ

ሊብሬ ከነኮፒ መታወቂያዎ ከአንድ ፋይል ውስጥ ከወጣ፣ ማን እጅ እንደገባ አይታወቅም። ለትራንስፖርት ቢሮው በጽሑፍ አሳውቀው ማህደሩ ላይ ምልክት እንዲደረግ ይጠይቁ። መኪናው በብድር የተያዘ ከሆነ ባንኩንም በዚያው ቀን ያሳውቁ።

ከቅርንጫፉ ጋር ተጣልቶ መቅረት

ቅሬታውን ለዋናው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያቅርቡ። መልስ ከሌለ የኢንሹራንሶች ተቆጣጣሪ የሆነው ብሔራዊ ባንክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን የሚጠብቅ መመሪያ አውጥቷል። እዚያ ሲሄዱ መጀመሪያ ለድርጅቱ ማመልከትዎን የሚያሳየው ማህተም ያለበት ኮፒ ያስፈልግዎታል። ጉዳቱ ከፍ ያለ ከሆነ ጠበቃ ያማክሩ።

ውጭ አገር ሆኖ በአጠቃላይ ውክልና መተማመን

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆነው መኪናውን ለወንድምዎ ትተው ከሄዱ፣ የሰጡትን ውክልና አውጥተው ያንብቡት። መኪናውን የማስተዳደር ውክልና ለመክሰስም ለመታረቅም አይበቃም። የፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 2205 ለእነዚህ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። "ምትክ ሊብሬ እንዲያወጣ፣ ካሳ እንዲጠይቅና እንዲቀበል፣ እንዲከስ፣ እንዲታረቅ" የሚሉት ቃላት በግልጽ ይጻፉ። ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ያዘጋጁና ይላኩለት። ወንድምዎ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በውልና ማስረጃ በኩል ያስጨርሰዋል። ይህ ራሱ ጊዜ ስለሚወስድ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ እርስዎ ራስዎ ፈርመው አሁኑኑ ይላኩ፤ ውክልናው እስኪደርስ አይጠብቁ።